«በከንቱ ይፈሳል» ስለሚባለው ውኃ፤ ስለ አዋሽ ወንዝ አጻጻፋችን የቀረበ ትችት

ስለ አገራችን ወንዞች የሚጻፈው ጽሑፍ ከሞላ ጐደል አንድ ዐይነት መነሻ አለው። አገሪቱ በውኃ ሀብት የታደለች መሆንዋ ይነገርና ይህ ሀብት ግን በከንቱ እንደሚፈስ ይገለጻል። ቀጥሎ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ምሳሌ ይጠቀሳል፤ ከዚያ በኋላ የሜትር ኩብ ቍጥር ይደረደራል፤ በመጨረሻም ግድብ ይሠራ የሚል ምክር ይሰጣል። እኛም ራሳችን በሁለተኛው ዓመት ትምህርታችን ባቀረብነው ጽሑፍ ይህንኑ መንገድ ተከትለናል፤ መልካም ነጥብም አግኝተንበታል። ስለዚህ እዚህ የምናቀርበው ትችት ከሁሉ አስቀድሞ በራሳችን ላይ የሚወድቅ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን እንወዳለን።

አሳባችን ግድብ አይሠራ፣ ቦይ አይቈፈር ለማለት አይደለም። ልናመለክት የምንፈልገው «በከንቱ» የምትለው አንዲት ቃል ምን ያህል ነገር እንደምትሸፍን ነው። ውኃ በከንቱ ፈሰሰ ለማለት፣ ከፈሰሰ በኋላ የት እንደ ደረሰና ማን እንደ ተጠቀመበት አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ሳይመረመር ቃሉ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ጸሐፊው ስለ ወንዙ ምንም አልተናገረም፤ የተናገረው እርሱ ራሱ ከወንዙ ዳር አለመድረሱን ብቻ ነው። ለዚህ ምርመራ የአዋሽን ወንዝ መርጠናል። ምክንያቱም አዋሽ ከትላልቆቹ ወንዞቻችን መካከል አስቀድሞ ለኤሌክትሪክና ለሰፊ መስኖ የዋለ በመሆኑ፣ የዚያች ቃል ውጤት ከ60 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ተዘርግቶ ሊታይ የሚችልበት ስፍራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣና 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በጂቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ይህን መጨረሻውን እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1934 ወንዙን ተከትሎ ሄዶ ለውጭው ዓለም አስታወቀ፤ የአውሳ ሰዎች ግን ማንም ሳይነግራቸው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነበር። ወንዙ በሚነሣበት ደጋ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ በሚያልቅበት ቈላ ግን 200 ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላበት ስፍራ አለ። እንግዲህ በታችኛው ሸለቆ ያለው ሕዝብ የሚኖረው በራሱ ሰማይ ላይ በዘነበው ዝናብ ሳይሆን በሌላው አገር በዘነበው ዝናብ ነው ማለት ነው። ይህን አንድ ነገር የያዘ አንባቢ የቀረውን ክርክራችንን ለመረዳት አይቸገርም።

መጀመሪያ የምንመረምረው ቍጥሩን ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚጻፈው የአገሪቱ 12 ታላላቅ የወንዝ ሸለቆዎች በዓመት 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የገጽ ውኃ ያፈስሳሉ፤ ከዚህ ውስጥ የአዋሽ ድርሻ 4.9 ቢሊዮን ገደማ ነው። ይህ ከመቶ 4 እጅ ያህል ማለት ነው። ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ይህን ቍጥር ብቻውን ይዞ የሚጽፍ ሰው ምን ዐይነት ወንዝ እንደሚፈጥር እንይ። 4.9 ቢሊዮኑ ሜትር ኩብ ለዓመቱ ሰከንዶች በእኩል ቢከፈል በየሰከንዱ 155 ሜትር ኩብ ያህል ይደርሳል። እንዲህ ያለውን፣ በጥርም በነሐሴም ያው የሆነውን ወንዝ ግን በአዋሽ ዳር የኖረ ሰው አይቶት አያውቅም። እውነተኛው አዋሽ በክረምት ሞልቶ ዳሩን የሚያልፍ፣ በበጋ ደግሞ በየሸለቆው ቀጥኖ የሚሄድ፣ በልግ ሲዘንብ ጥቂት የሚያንሰራራ፣ በልግ ሲቀር ግን ሳያንሰራራ እስከ ሐምሌ የሚቈይ ወንዝ ነው። አማካዩ ቍጥር ይህን ሁሉ ያስተካክለዋል፤ አስተካክሎም ከብት የሚሞትበትን ወርና ቤት በውኃ የሚወሰድበትን ወር አንድ ላይ አድርጎ ደኅና ዓመት ያስመስላቸዋል።

ስፍራውም እንዲሁ ነው። በትምህርት ቤት ወንዝ ወደ ታች በሄደ መጠን ገባሮች እየጨመሩለት ይበዛል ተብለን ተምረናል። አዋሽ ለዚህ ትምህርት ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም። በመካከለኛው ሸለቆ እንደ ገደባሳ ባሉ ረግረጎች ላይ ይዘረጋል፤ እዚያም ብዙው በፀሐይ ይተናል፣ ሌላውም ወደ መሬት ይሰርጋል። ስለዚህ ያ የተደመረው 4.9 ቢሊዮን በአንድ የመለኪያ ጣቢያ ፊት አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚታይ ውኃ አይደለም። የሸለቆው ሁሉ ድምር ነው። «አዋሽ ይህን ያህል ውኃ አለው» ብለን ስንጽፍ፣ የት ቦታ ላይ ቆመን እንደ ተናገርን ካልገለጽን፣ አንባቢያችን በየትም ቦታ የማይገኝ ውኃ እንዲቈጥር አድርገነዋል።

አሁን ወደ ቆቃ እንምጣ። የቆቃ ግድብ ከኢጣልያ በተገኘ የጦርነት ካሣ ተሠርቶ በ1960 ሥራ ጀመረ። ቁመቱ 42 ሜትር ያህል ሲሆን ሐይቁ በመጀመሪያው ጊዜ 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይይዝ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉም 43 ሜጋዋት ነበር። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1965 ደግሞ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት የተደረገው የሸለቆው ጥናት ወጣ። ከግድቡ በታች ባለው ውኃ በ1966 የአዋሽ ሁለተኛ፣ በ1971 የአዋሽ ሦስተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተከተሉ። በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ የስኳር ፋብሪካ በ1962 የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረለት፤ ከዚያም መተሐራ፣ በታችም የአሚባራና የተንዳሆ የጥጥ እርሻዎች ተስፋፉ።

በዚህ ሥራ የደከሙትን መሐንዲሶች መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለንም። ግድቡ ክረምት የሚመጣውን ውኃ አቁሞ በበጋ ቀስ በቀስ መልቀቁ በከተማው መብራት አብርቷል፤ ሸንኮራ አገዳውም በበጋ ውኃ እንዳያጣ አድርጓል። ለብዙ ሺህ ሰዎችም እንጀራ ሆኗል። በአቤ ሐይቅ ጨዋማ ዳር ከሚተን ውኃ ጥቂቱ አስቀድሞ ስኳርና ብርሃን ቢሆን ማንም አይጠላም። «በከንቱ» የምትለው ቃል እውነት የነካችው በዚህ በኩል ነው፤ ይህን ያህሉንም በደስታ እንሰጣታለን።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው። የክረምቱ ሙላት ከመገደቡ በፊት ምን ይሠራ ነበር? መልሱ በሜትር ኩብ አይጻፍም። ወንዙ በሐምሌና በነሐሴ ዳሩን አልፎ በሜዳው ላይ ይተኛል፤ ከመስከረም በኋላ ሲጐድል ርጥበትና ለም ደለል ትቶ ይመለሳል፤ በዚያም ላይ በጋውን ሁሉ የሚያቈይ ሣር ይበቅላል። የአፋር ከብት አርቢ «ካርማ» በሚለው የክረምት ዝናብ ጊዜ ከብቱን ይዞ ከወንዙ ርቆ እንደ አለደጌ ወዳለው ሜዳ ይወጣል፤ ሜዳው ሲደርቅ ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል፤ «ሱጉም» የሚለው የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ እስኪመጣ ድረስም እዚያው ይቈያል። በላይ በኩል የከረዩ ኦሮሞም በመተሐራ አካባቢ ተመሳሳይ አኗኗር ነበረው። እንግዲህ ያ ሙላት የሚያጠጣው ሜዳ የበጋ ጎተራ ነበር። ጎተራው ግን ባለቤቱ በሌለበት በክረምት ወር ለሚመጣ እንግዳ ባዶ መሬት ይመስላል።

እዚህ ላይ «በከንቱ» ከሚለው ቃል ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ቃል መጥቀስ ግድ ይሆንብናል፤ እርሱም «ዘላን» ነው። ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ሰውየው ዘላን ከሆነ መሬቱ ባለቤት የለውም፤ መሬቱ ባለቤት ከሌለው በላዩ የሚተኛው ውኃ በከንቱ ይፈሳል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው ይህ ሰው የሚጓዘው በወንዙ ሙላትና ጕድለት ቀን መቍጠሪያ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ አኗኗር ራሱ የወንዝ ፍሰት ዕውቀት ነው፤ በመለኪያ እንጨት ላይ ስላልተጻፈ ብቻ ከጽሑፎቻችን ቀርቷል።

የተከተለውን ነገር ለማስታወስ ያህል ባጭሩ እንገልጻለን። እርሻዎቹ በመጀመሪያ የያዙት ያንኑ ሙላት የሚደርስበትን ለም መሬት ነበር፤ አፈሩ የተሻለ፣ ውኃውም ቅርብ ነበርና። በከረዩ አገር ከሸንኮራው እርሻ ሌላ በ1966 የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተጨመረ። ደኅና ዝናብ በነበረበት ዓመት ጉዳቱ ብዙ አልታየም፤ ከብት ከወንዙ ርቆም ሣር ያገኝ ነበርና። በ1972 እና በ1973 ዝናብ በቀረ ጊዜ ግን ሕዝቡ እንደ ልማዱ ወደ ወንዙ ዳር ቢመለስ የቈየው አጥርና የጥጥ ማሳ ነበር። ድርቁን ያመጣው እርሻው አይደለም፤ ነገር ግን ድርቅ ሲመጣ የሚሸሹበትን ስፍራ አስቀድሞ የያዘው እርሱ ነበር። በዚያ ጊዜ ያለቀው ከብትና ያለቀው ሰው፣ «በከንቱ የሚፈሰውን ውኃ» ለማዳን በወጣው ሒሳብ ውስጥ በወጪ በኩል አልተጻፈም።

ደግሞስ የዳነው ውኃ ሁሉ በእርግጥ ዳነ ወይ? ይህንንም መጠየቅ ይገባል። በአሚባራ ያለ በቂ ማስወጫ የተለቀቀው የመስኖ ውኃ ከመሬት በታች ያለውን ውኃ ወደ ላይ አንሥቶ ጨው ወደ ሥሩ አመጣ፤ በዚህም የተነሣ ቀድሞ ይታረስ የነበረ መሬት ጨው በልቶት የተተወ አለ። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። ለዚህም ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ከመስኖ የሚተርፈው ውኃ ነው። የሐይቁ ውኃ ጨዋማ ስለ ሆነ፣ መንገድና ማሳ እንዳይውጥ ወደ አዋሽ ሲለቀቅ በታች ያለው ገበሬና ከብት አርቢ የሚቀበለው ሌላ ውኃ ይሆናል። ቆቃም ራሱ ከደጋው ተጠርጎ በሚመጣ ደለል ብዙ ክፍሉን አጥቷል፤ ከሰፊው ገጹም በየዓመቱ ብዙ ውኃ ይተናል። እንግዲህ ቀድሞ በአፋር ሜዳ ላይ ይተን የነበረው ውኃ አሁን በሸዋ ሐይቅ ላይ ቢተን፣ ያንኛውን «ከንቱ» ይህኛውን «ልማት» የሚያሰኘው ምን እንደ ሆነ እኛ ልናውቅ አልቻልንም። ሣር ያበቀለው እኮ የመጀመሪያው ነው።

ሦስተኛው ነገር ጎርፍ ነው። አዋሽ በቆቃ ስለ ተገደበ ተገራ የሚል አስተያየት በየጽሑፉ ይገኛል። ካርታውን የተመለከተ ሰው ግን ከሰም፣ ቀበና፣ ቦርከና፣ ሚሌና ሎጊያ ሁሉም ከቆቃ በታች የሚገቡ ወንዞች መሆናቸውን ያያል። ከሸዋና ከወሎ ተራራ ጫፍ በአንድ ሌሊት የሚወርደው ውኃ ቆቃን አያውቀውም። በከሰም ላይና በተንዳሆ የተሠሩት ግድቦች የዘገዩ ሥራዎች ናቸው፤ የተንዳሆው 1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንዲይዝ የታቀደ ነው። እነርሱ ከተሠሩ በኋላም በ2020 ክረምት አዋሽ ዳሩን ጥሶ በአፋር በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ቀድሞ ሙላቱን ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ይጠብቅ የነበረ ሕዝብ፣ ወንዙ ተገርቷል ተብሎ ከዳሩ በሰፈረ ጊዜ፣ ያው ሙላት ጠላት ሆነበት። የተገራ ወንዝ የሚለው አነጋገር እንደዚህ ሰው ያሰፍራል፤ ወንዙ ግን ጽሑፋችንን አያነብም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን አሳባችንን በሰሙ ጊዜ የሰጡንን ተቃውሞ መሸሸግ አይገባንም። «አዲስ አበባና አዳማ፣ ፋብሪካውም እርሻውም ሁሉ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ለጥቂት ሺህ ከብት ሲባል ይህ ሁሉ ሊቆም ነው ወይ?» ብለውናል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ እኛም ወንዙን ወደ 1950 ለመመለስ የሚቻል አይመስለንም። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ የመጣው ከዚያው ከአማካዩ ቍጥር ነው። በዓመቱ ድምር ላይ ከተከራከርን አንዱ ያገኘውን ሌላው ያጣል። በወራት ከተነጋገርን ግን ሌላ መንገድ ይታያል፤ ደኅና ዝናብ በጣለበት ክረምት፣ ሐይቆቹ በሚሞሉበት ጊዜ፣ ውኃው ግድቡን ሊያስፈራ እስኪደርስ ሳይጠበቅ፣ አስቀድሞ ለሕዝብ በተነገረ ቀን ከፍሎ ወደ ግጦሽ ሜዳ መልቀቅ ይቻላል። ያው ውኃ ሳይነገር በሌሊት ሲመጣ ጎርፍ ይባላል፤ ተነግሮ በቀኑ ሲመጣ የበጋ ሣር ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሜዳው ጥቂቱ ከማሳና ከሰፈራ ነጻ ሆኖ መቈየቱ ነው፤ ይህም የመሐንዲስ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትና የሕዝብ ስምምነት ይጠይቃል።

ሌላው መመርመር የሚገባው ሕጉ ነው። በ2000 የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 197 ውኃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት መሆኑን፣ ለቤት የሚውለውም ውኃ ቅድሚያ እንዲያገኝ ይደነግጋል። በልማድ ለሚደረግ መስኖና ከብት እርባታ ውኃ የሚወስድ ሰውም ፈቃድ እንዲያወጣ አይገደድም። ይህ መልካም ቸርነት ነው፤ ከደሃ ገበሬና ከከብት አርቢ ወረቀት አይጠየቅም። ነገር ግን አንድ ነገር እንፈራለን። ፈቃድ ያወጣ ሰው በመዝገብ ይገኛል፤ ፈቃድ ያላስፈለገው ሰው ግን በመዝገብ አይገኝም። ውኃው ሲከፋፈል የሚገለጠው ደግሞ መዝገቡ ነው። ስለዚህ ነጻ የተባለው ሰው የሌለ ሰው ሆኖ እንዳይቀር፣ ሳይጠየቅም ቢሆን የሚጠቀምበት ስፍራና ወር በመዝገቡ ሊጻፍለት ይገባል እንላለን።

ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። እኛ ተማሪዎች ግድብ አንከፍትም፤ ሕግም አናወጣም። እኛ የምንሠራው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ግን ከዚህ ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ዛሬ በክፍል ውስጥ ሳንመረምር የጻፍናት ቃል ነገ በዕቅድ መግቢያ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የወንዝ ፍሰት ቍጥር በምንጽፍበት ጊዜ ሁሉ ሦስት ነገር እንድንጨምር ለጓደኞቻችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቍጥሩ በየትኛው ስፍራ እንደ ተለካ፤ ከረግረጉ በላይ ነው ወይስ በታች፣ ከገባሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሁለተኛ፣ በየትኛው ወርና በምን ዐይነት ዓመት፤ ደኅና ክረምት በነበረበት ነው ወይስ በልግ በቀረበት? ሦስተኛ፣ ያ ውኃ ከመለኪያው ካለፈ በኋላ ቀጥሎ የሚያገኘው ሰው ማን ነው? ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ ከቤተ መጻሕፍት ብቻ መመለስ አይቻልም። በዕረፍት ጊዜ ወደ ወንዙ ዳር ወርዶ ሽማግሌዎችን፣ ከብት ጠባቂዎችን፣ ቦይ ከፋቾችን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ጸሐፊው አሁንም «ይህ ውኃ በከንቱ ይፈሳል» ብሎ ለመጻፍ የሚያበቃ ማስረጃ ካገኘ ይጻፍ፤ እኛም እንቀበለዋለን። ጥቂት ቦታ፣ በጥቂት ወራት፣ እንዲህ ያለ ውኃ ይገኝ ይሆናል። በአዋሽ ላይ ግን እስካሁን ስንጽፈው የኖርነው ማስረጃውን ሳንፈልግ ነው። በዚህ ትችት ስሕተት ያገኙብን መምህራንና ጓደኞች በሚቀጥለው እትም እርማታቸውን ቢልኩልን በደስታ እንቀበላለን፤ በተለይም በወንዙ ዳር ተወልደው ከዚያ መጥተው ከእኛ ጋር የሚማሩ ጓደኞቻችን ቢጽፉልን፣ ከእኛ ይልቅ እነርሱ እንደሚያውቁት አንጠራጠርም።